ኦርጅናል ነው ወላሂ!

በታይዋን ገበያ ጫማ ሻጩ ሲምል፣
«ኦርጅናል ነው ወላሂ!» ሳይል መቼ ሊውል።
ሶሉ እየተላጠ፣ ስሙ ፊደል ጎድሎት፣
ገዢው እየሳቀ ይከፍላል ዐውቆት።

እኔም ያው ነጋዴ። ከለገሃሩ ፊት፣
ከከዚራ ዛፍ ሥር፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት፣
ሁለት ቴፕ አጋጥሜ አንዱን ካንዱ ስቀዳ፣
ስንቱን ድምፅ አሻገርኩ ከባዳ ወደ ባዳ።
በባዶ ካሴት ላይ በእስክሪብቶ ስም ጽፌ
ለተሳፋሪ ስሸጥ በመስኮት አሳልፌ።

ረምዚ ጎረቤቴ፣ የባቡር በያጅ ልጅ፣
የሁሉን ሰው ድምፅ ለባሽ ነበር በሠርግ ደጅ።
«የእገሌን በለን አቦ!» ሲሉት በእገሌ ጎርንኖ፣
«የእገሊትን!» ሲሉት እንደ እገሊት ቀጥኖ፣
ብሩ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ በላብ፣
«የማን ግንባር ነው?» ብሎ አይገባም ከሐሳብ።

አንድ ሌሊት ብቻ፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲላቀቅ፣
ደቻቱ ውሃ የለው፣ አሸዋው ብቻ ሲሞቅ፣
«ቅዳኝ» ብሎ መጣ። «የማንን?» አልኩ ካሴት ስመርጥ።
ዝም አለ፤ ቃሉን እንደ ትኩስ ሳምቡሳ ሲያላምጥ።
«የኔን» አለኝ፣
ዕቃ ሰርቆ እንደ ተያዘ ልጅ።

ስለ አባቱ ጓንት ነው፤ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ስለሚኖር፣
ጣቶቹ እንደ ተጨበጡ፣ የሰው እጅ ሳይኖር።
እውነት ይነገር ካልን፣ ዜማው ሁሉም የሱ አልነበረ፤
ሦስተኛው ቤት ላይ የእናቱ እሽሩሩ አደረ።

አምስት ቅጂ ሸጥኩ። ስድስተኛው ገዢ ተመለሰ፤
«ይሄ ደሞ ማነው? አይታወቅም!» ብሎ ወቀሰ።
አምስቱ የት ገቡ? እንጃ። አንዱ በሌሊት ባቡር
ጅቡቲ ሳይገባ አልቀረም፣ ከጫት ጋር ሲሻገር።

የዒድ ዋዜማ ዕለት ባዶ ካሴት አለቀ።
ደንበኛ የእገሌን አዲሱን ጠየቀ።
እጄ ወደ መደርደሪያው ሳላስብበት ሄደ፤
የረምዚ ዋናው ካሴት በቀይ ቁልፍ ታረደ።
ለረምዚ አልነገርኩትም።
እስከ ዛሬ።

ባቡሩም አረጀ፤ ካሴቱም ሞተና
ስልክ ጠጋኝ ሆንኩኝ በዚያው ጎዳና።
አምና በሳቢያን መንገድ፣ ባጃጅ ውስጥ ከሱ ጋር፣
የሾፌሩ ስልክ በሶማልኛ ዜማ ሲናገር፣
ጓንት የለም። ከበሮው ይሮጣል፤ ስለ ቆንጆ ዓይን ያወራል፤
ሦስተኛው ቤት ላይ ግን
እሽሩሩው ይሰማል።

እኔን ላብ አጠመቀኝ። ረምዚ በጣቱ
የባጃጇን ብረት መታ፣ እንደ ጥንቱ።
«እዚህ ጋ» አለኝ፣ «እኔ ተሰናክዬ ያለፍኩባት፣
አየኸው ልጁን አቦ? እንዴት አርጎ ዘለላት!»
በቃ። ይኸው ነው ያለው። ሒሳብ ከፍሎ ወረደ።

በዚያው ሰሞን ሠርግ ላይ «አዲሱን!» ብለው ሲይዙት፣
ዘፈነው። የራሱን። እነሱ እንዳፈጠኑት።
ሎሚ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ከጎኔ ሲል ሰማሁት፦
«ሽማግሌው አይከፋም፤ ግን እንደ ኦርጅናሉ? የት!»

ኦርጅናሉ የለም ልጄ፤ ያረድኩት እኔ ነኝ።
ያ የዒድ ደንበኛ እንኳ ሳይወስደው ቀርቶብኝ፣
ካሴቱ እኔው ጋ ነው። ሙቀት እንቅልፍ ሲነሣኝ
የእገሌን ዘፈን እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ያልቃል።
ቴፑ ግን ትንሽ ጠርዝ፣ ያልተነካ፣ ይቀረዋል፤
እዚያ አንድ ሰው ይስላል፣
ወንበር ሲጢጥ ይላል፣
«ገባ?» ብሎ ይጠይቃል፣ በገዛ ድምፁ፣ ፈራ ተባ እያለ።
የኔም ድምፅ ይመልሳል፣ ወጣት፣ ችኩል፦
«ገብቷል። የትም አይሄድ።»
ከዚያ ቀጭ።